ተሳፋሪ ነበሩ ወይስ እግረኛ? ስለ መኪና አደጋ ቁስለኞች አመዘጋገብ

በመኪና ግጭት የተጎዳ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ ሁለት ሥራ ይጀመራል። አንደኛው የሐኪሙና የነርሷ ሥራ ነው፤ ደም ማቆም፥ አጥንት መጠገን፥ ነፍስ ማትረፍ። ይህን ሁሉም ያየዋል፥ ያመሰግነዋልም። ሁለተኛው ሥራ የሚሠራው ግን በካርድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥቂት ፊደልና አኀዝ ተጽፎ ያልቃል፤ የሚያየውም ሰው የለም። ይሁን እንጂ አገር ስለ መንገዷና ስለ መኪናዋ የምታውቀው ነገር፥ ለሚመጣውም ዓመት ገንዘብ የምትመድብበት ምክንያት፥ አብዛኛው የሚገኘው ከዚህ ከማይታየው ሥራ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ሥራ፥ ይልቁንም በውስጡ ሳይታወቅ ስለሚጠፋው ስለ ተሳፋሪው ነው።

ጉዳዩ የጸሐፊዎች ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ቁጥር እናስታውሰው። (ከዚህ በታች ኢትዮጵያን የማይመለከቱት ዓመታት ሁሉ፥ የዓለም ጤና ድርጅት መግለጫዎች ዓመታትም ጭምር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት መግለጫ ላይ፥ በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች 27,326 ይሆናሉ ሲል ገምቷል። በዚያው መግለጫ ከአገሪቱ መዝገብ ተገኝቶ የሰፈረው ቁጥር ግን 5,000 እንኳ የማይሞላ ነበር። በመካከሉ ከሃያ ሺህ በላይ ሰው አለ። ግምቱ በስሌት የተገኘ እንጂ ሬሳ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለምና በዝቷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን የሚከራከረው ሰው ራሱ የሚያቀርበው ማስረጃ ከየት ይመጣል? ያው ከሐኪም ቤትና ከፖሊስ መዝገብ ነው። መዝገቡ ጎደሎ ከሆነ ክርክሩም ጎደሎ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2021 እስከ 2030 ያሉትን ዓመታት የመንገድ ደኅንነት ዘመን ብሎ ሰይሞ፥ ሞትንና ጉዳትን በግማሽ ለመቀነስ አቅዷል። በዓለም ዙሪያ በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ ላይ ሞቷል። ግማሹን ለመቀነስ ሙሉው ስንት እንደሆነ ማወቅ የግድ ነው፤ እነማን እንደሆኑ ማወቅ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የእግረኛው መድኃኒት ሌላ፥ የተሳፋሪው መድኃኒት ሌላ ነውና።

ለመሆኑ ይህ መለያ ቁጥር ምንድን ነው? የሰው ልጅ በምን በምን እንደሚሞት በሁሉም አገር በአንድ ስም ለመመዝገብ የታሰበው መኪና ከመሠራቱ በፊት ነው። በ1853 በብራስልስ የተሰበሰበው የስታቲስቲክስ ጉባኤ፥ እንግሊዛዊው ዊልያም ፋርና የጄኔቫው ማርክ ዴስፒን ለአገሮች ሁሉ የሚሆን አንድ ዝርዝር እንዲያዘጋጁ አዘዛቸው። ሁለቱ ሊቃውንት ግን ሳይስማሙ ቀሩና ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሳይሆን ሁለት ዝርዝር ይዘው ቀረቡ። መስማማት የተገኘው በ1893 ነው፤ የፓሪሱ ዣክ በርቲዮን በቺካጎ ያቀረበው ዝርዝር ተቀባይነት አገኘ። በ1948 ኃላፊነቱን የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበ። አሥረኛው እትም በ1990 ጸድቆ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። አሥራ አንደኛው በ2019 ጸደቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 ወዲህም የጸና ሆነ። እስከ ዛሬ በብዙ አገር ካርድ ክፍሎች በእጅ የለመደው አሥረኛው ስለሆነ፥ እኛም በእርሱ እናስረዳለን።

በአሥረኛው እትም ለመኪና አደጋ ቁስለኛ አንድ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰጠዋል። በ«ኤስ» ፊደል የሚጀምረው የትኛው አካል እንደተጎዳ ይናገራል፤ የጭን አጥንት ስብራት ለምሳሌ ኤስ 72 ነው። በ«ቪ» የሚጀምረው ደግሞ ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ ይናገራል። ሐኪሙ የሚያክመው ኤስን ነው፤ መንግሥት ሊያክም የሚችለው ቪን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሰውዬው ከሞተም ለሞቱ መነሻ ሆኖ በአኀዝ የሚቆጠረው የራስ ቅሉ መሰበር ሳይሆን ያ ሰባሪው አደጋ እንዲሆን ደንቡ ያዛል።

የቪ አሠራር ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ብልሃቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው አኀዝ ተጎጂው በምን ላይ እንደነበረ ይነግረናል። ዜሮ እግረኛ፥ 1 ብስክሌተኛ፥ 2 ባለ ሞተር ብስክሌት፥ 3 ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ (የእኛ ባጃጅ ማለት ነው)፥ 4 የቤት መኪና፥ 5 ፒክአፕና ቫን፥ 6 ከባድ የጭነት መኪና፥ 7 አውቶቡስ ነው። ሁለተኛው አኀዝ ያ ተሽከርካሪ ከምን ጋር እንደተጋጨ ይናገራል። ከነጥቡ በኋላ ያለው አኀዝ ግን፥ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው እርሱ ነው፥ ተጎጂው በመኪናው ላይ ምን እንደነበረ ያመለክታል። በመንገድ ላይ በደረሰ አደጋ 5 ሾፌር፥ 6 ተሳፋሪ፥ 7 ከመኪናው ውጭ ተንጠልጥሎ የነበረ፥ 9 ያልታወቀ ነው። 4 ደግሞ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ የተጎዳ ሰው ነው፤ ታክሲ ሳይቆም መውረድ ለለመደ ከተማ ይህ አኀዝ ሥራ የሚፈታ አይመስለንም። እንግዲህ በቤት መኪና ተሳፍራ ስትሄድ ሌላ የቤት መኪና የገጫት ሴት ቪ 43.6 ትሆናለች። የገጫት የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ቢሆን 44.6፤ መኪናው ከግንብ ወይም ከምሰሶ ጋር ተላትሞ ቢሆን 47.6፤ ከምንም ሳይጋጭ ተገልብጦ ቢሆን 48.6።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ይህ ቁጥር ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ያ የፖሊስና የዳኛ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ካርድ ክፍል ስለ አደጋው ሲጠየቁ «ነገር ይመጣብኛል» ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች የሚፈሩት የሌለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ችግሩ ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በአነጋገራችን ላይ ነው።

እንበልና ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሚኒባስ ከሲኖትራክ ጋር ተጋጨ። አንድ ሽማግሌ ሰው በመንገደኛ መኪና ተጭነው ሐኪም ቤት ደረሱ። መዝጋቢው፦

— አባባ ምን ሆነው ነው? ሲል ያመጣቸውን ጎረምሳ ይጠይቃል።

— ሲኖትራክ ገጭቷቸው ነው፥ ይላል ጎረምሳው።

ጎረምሳው አልዋሸም። በአማርኛችን መኪና ውስጥ ያለውንም፥ በእግሩ የሚሄደውንም መኪና «ይገጨዋል»። ሚኒባሱን የገጨው ሲኖትራክ ሽማግሌውንም ገጭቷቸዋል፤ ሰሚ ሁሉ ይህን ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ግን እንዲህ አይረዳም። ደንቡ ተጎጂው በተሽከርካሪ ላይ እንደነበረ ካልተገለጸ፥ ቃሉም ተሽከርካሪ ገጨው፥ ጣለው፥ ጎተተው፥ ጨፈለቀው የሚል ከሆነ፥ ተጎጂውን እግረኛ ብለህ መዝግብ ይላል። ለደንቡ አውጪዎች ይህ አስተዋይነት ነው፤ በነሱ አነጋገር የጭነት መኪና ገጨው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ የቆመ ሰው ነውና። በእኛ ዘንድ ግን ሥራውን በትጋት የሚሠራ፥ ደንቡን ጠንቅቆ የተማረ መዝጋቢ ሽማግሌውን ከሚኒባሱ አውርዶ በአስፋልቱ ላይ ያቆማቸዋል። ቪ 0 ብሎ ጀምሮ ይጽፋል፤ ተሳፋሪው እግረኛ ሆኑ።

ጎረምሳው «የመኪና አደጋ ነው» ብቻ ብሎ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ደግሞ ቪ 89.2 ይጻፋል። ይህ ቁጥር በመንገድ ላይ የደረሰ፥ ዓይነቱ ያልታወቀ የሞተር ተሽከርካሪ አደጋ ማለት ነው፤ ሾፌሩም፥ ተሳፋሪውም፥ እግረኛውም በአንድ ጆንያ ይገባሉ። ማንም አይዋሽም፥ ማንም ደንብ አይጥስም፤ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ጆንያውን ፈትቶ ማን ምን እንደነበረ የሚለይ አይገኝም።

በዚህ የሚጎዳው ማነው? እግረኛ በዛ ተብሎ የእግረኛ መንገድ ቢሠራ መልካም ነው፤ ይሠራ። ነገር ግን በጠባብ አስፋልት ላይ ቀድሞ ለማለፍ ሲሉ ፊት ለፊት የሚጋጩት መኪናዎች፥ ከልክ በላይ የሚጫነው ሚኒባስ፥ ከኋላ ወንበር ላይ የማይታሰረው የደኅንነት ቀበቶ ከዓይን ይሰወራሉ። የመኪና ቀበቶ በመኪና ውስጥ ያለን ሰው የመሞት አደጋ እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። የኋላ ወንበር ቀበቶ ያስፈልጋል አያስፈልግም ለሚለው ሙግት መልሱ ያለው በዚያች በነጥብ 6 ውስጥ ነው፤ እርሷ ካልተጻፈች ሙግቱ በግምት ያልቃል።

ከተሽከርካሪዎቻችን ጠባይ የሚመጣ ሌላም ጣጣ አለ። አሥረኛው እትም የቤት መኪናንና አውቶቡስን የሚለየው በ10 ሰው ነው። እስከ 10 ሰው እንዲይዝ የተሠራው የቤት መኪና፥ ከ10 በላይ የሚይዘውና ልዩ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀው አውቶቡስ ነው። የእኛ ሚኒባስ ታክሲ ሾፌሩን ጨምሮ 12 ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ የሚጭነውን አላልንም። እንግዲህ በድንበሩ ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆሟል ማለት ነው። አሜሪካኖች ለራሳቸው ባዘጋጁት እትም ደግሞ ሚኒባስን ከፒክአፕና ከቫን ጋር በ5 ውስጥ አስገብተውታል። አንዱ መዝጋቢ 4፥ ሌላው 5፥ ሦስተኛው 7 ቢል፥ ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸዋል። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ግድ የለም፤ አንዱ ተመርጦ በአገሪቱ ሐኪም ቤቶች ሁሉ መጽናቱ ግን ግድ ነው። በአንድ ከተማ 4፥ በሌላው 7 እየተባለ የተሰበሰበ ሂሳብ፥ ባይሰበሰብ ይሻል ነበር።

በአይሱዙ ካሶኒ ላይ፥ በእህል ጆንያ መካከል ተቀምጦ ወደ ገበያ የሚሄደውስ ሰው? አንባቢያችን «ይህማ ከመኪናው ውጭ ነው» ይል ይሆናል። ደንቡ እንዲህ አይልም። ከመኪና ውጭ የሚባለው ለሾፌር፥ ለተሳፋሪ ወይም ለዕቃ ከተዘጋጀው ቦታ ላይ የሌለ ሰው ብቻ ነው። ካሶኒው ለዕቃ የተዘጋጀ ቦታ ስለሆነ በላዩ ያለው ሰው በመዝገቡ ፊት ተሳፋሪ ነው፤ በሕግ ፊት መጫኑ የተከለከለ ቢሆንም። ጣሪያ ላይ የወጣው፥ ወይም በበሩ ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» የሚለው የታክሲ ረዳት ግን 7 ቁጥርን ያገኛሉ። ይህ ልዩነት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከካሶኒ ላይ ሰው የሚሞት ከሆነ መፍትሔው ለገበያ ቀን ሌላ መጓጓዣ ማዘጋጀት ነው፤ ከበር ላይ ሰው የሚሞት ከሆነ መፍትሔው በሩን ዘግቶ መሄድ ነው። ሁለቱ ወጪያቸው እጅግ ይራራቃል።

የጊዜም ነገር አለ። ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ይነዷት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አከርካሪያቸው ተጎዳ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታክመው እጃቸው ቢመለስላቸውም እግራቸው ግን አልተመለሰም፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ አረፉ። ሮማንና ቶኪዮን የረታ ሰው በዚያች ሌሊት ምክንያት እንደሞተ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የመንገድ አደጋ አኀዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በ30 ቀን ውስጥ የሞተውን ነው። ከዚያ በኋላ የሚሞተው ከመንገድ ሂሳብ ይወጣል። የበሽታዎች ዝርዝር በዚህ ረገድ ከመንገዱ ሂሳብ የተሻለ ትዝታ አለው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ለሚመጣው የአደጋ ዳፋ ዋይ 85 የተባለ የራሱ ቁጥር አዘጋጅቷል። ሻምበል አበበ በዚያ ይቆጠራሉ። ስማቸው የማይታወቅ ተሳፋሪዎች፥ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በየቤታቸው በአልጋ ቁስል የሚሞቱት፥ እዚያ እንዲቆጠሩ በመጀመሪያው ቀን ካርዳቸው ላይ አደጋው በትክክል ተጽፎ መገኘት አለበት።

በአሜሪካ አገር ያሉ ወገኖቻችን፥ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱትና በታክሲ የሚሄዱት፥ ይህን ቁጥር በሌላ መልኩ ያውቁታል፤ ከሒሳብ መጠየቂያ ጋር በፖስታ ይመጣላቸዋል። አሜሪካ ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ የምትሠራበት የራሷ እትም እጅግ ይረዝማል። በቤት መኪና ተሳፍሮ በሌላ ተራ የቤት መኪና የተገጨ ሰው ቪ 43.62 ይሆንና፥ «ኤክስ» ለቦታ መሙያ ገብቶ፥ በመጨረሻ ኤ፥ ዲ ወይም ኤስ ይታከልበታል። «ኤ»ን ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቀን ጉብኝት ማለት ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን ሕክምናው ገና በመካሄድ ላይ መሆኑን ነው። ዲ ማለት የማገገም ጊዜ ክትትል፥ ኤስ ማለት ደግሞ የኋላ ዳፋ ነው። ይህን ሁሉ ዝርዝር ላየ ሰው አሜሪካ አንድም ተሳፋሪ የማይጠፋባት አገር ትመስለዋለች። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የአደጋውን ምክንያት የሚገልጸውን ቁጥር ሁሉም እንዲጽፍ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ደንብ የላትም። ገንዘብ የሚያስከፍለው በይበልጥ ሕክምናውና ጉዳቱ ስለሆነ፥ ቪ የሚጻፈው ክፍለ አገሩ ወይም ኢንሹራንሱ ሲጠይቅ ነው። ብልጽግና ብቻውን መዝገብ አይሞላም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ «ነርሷ ደም እየፈሰሰ ሳለ ስለ አኀዝ ትጠይቅ?» የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ማንም ቁስለኛ ለመዝገብ ሲባል መጠበቅ የለበትም፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ የተካው፥ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 የሚያስበው አስቀድሞ ስለ አስቸኳይ ሕክምና ነው ብሎ የሚከራከር ሰውም ይኖራል ብለን ታሪኩን ከማስረዘም፥ አዋጁ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ማረጋገጡን መጥቀስ ይበቃል። ነገር ግን ያው መድን ካሣ ሲጠየቅበት የሐኪም ቤቱ ካርድ ይወጣል። ፖሊስ ተሳፋሪ ያለውን ሰው ካርዱ እግረኛ ቢለው፥ ለሙግት ቀዳዳ ተከፈተ ማለት ነው፤ ያችን ቀዳዳ የሚያገኛት ደግሞ ቁስለኛው አይሆንም።

የሚያስፈልገውም ጥያቄ ረጅም አይደለም። በምን ተሳፍረው ነበር? መኪናው ከምን ጋር ተጋጨ? የት ላይ ተቀምጠው ነበር? ለእነዚህ መልስ ለመቀበል ደቂቃ አይፈጅም፤ መልሱንም መዝጋቢው ወደ ቁጥር ሳይለውጥ በአማርኛ ቢጽፈው እንኳ፥ ቁጥሩን ሌላ ሰው በማግሥቱ ሊያወጣለት ይችላል። ያልተጻፈ ቃል ግን በማግሥቱ ቁጥር አይወጣለትም።

አሥራ አንደኛው እትም ለዚህ ይመቻል። በእርሱ አሠራር የተጎጂው ድርሻ፥ ማለት ሾፌር ወይም ተሳፋሪ መሆኑ፥ እንዲሁም የተጋጨው ሌላው ተሽከርካሪ፥ በዋናው ቁጥር ላይ እንደ ቅጥያ እየታከሉ ለየብቻ ሊጻፉ ይችላሉ። አንዱ ባይታወቅ ሌላው አይጠፋም። ዳሩ ግን ቅጥያውን የሚሞላው ኮምፒዩተሩ አይደለም። የሚያውቀው ሰው ቁስለኛውን ተሸክሞ ያመጣው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ መንገደኛ ነው። ቁስለኛውን አስረክቦ፥ ልብሱን ከደም አራግፎ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ መንገዱን ይቀጥላል። ስልክ ቁጥሩንም የሚጠይቀው የለም።